ሐይቅ ዳር መሬት ካላችሁ፦ ዳሩን እናድን ስትሉ የማትሠሯቸው ስህተቶች

ወሎ ውስጥ ባሉት ሐይቆች፣ በሎጎ ሐይቅና በአርዲቦ ዳር ይዞታ ያለው ሰው፣ ገበሬም ይሁን ሎጅ የከፈተ፣ ክረምት በወጣ ቁጥር የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ውሃው መሬቴን እየቆረሰ ነው፣ ምን ላድርግ? አብሽሩ፣ መላ አለው። ችግሩ ለመፍትሔ ተብለው ከሚሠሩት ነገሮች ብዙዎቹ ዳሩን ጭራሽ የሚያብሱ መሆናቸው ነው።

በግንብ እንጀምር። ገንዘብ ላለው ሰው ቶሎ የሚታየው እሱ ነው። ግን ማዕበል ቀጥ ያለ ግንብ ሲመታ ጉልበቱን የሚያደክምበት ተዳፋት ስለሌለው ተመልሶ የግንቡን እግር ይቆፍራል፣ ከሥር ያለው አፈር ይታጠባል፣ ከዚያ ግንቡ ይሰነጠቅና ያዘነብላል። ግንቡ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ደግሞ ውሃው ዞሮ የጎረቤትን ማሳ ይበላል። ጠብ ገዛችሁ ማለት ነው። ቀድማችሁ ከሠራችሁ ማፍረስ የግድ አይደለም፤ እግሩ ሥር ድንጋይ በተዳፋት ደርድሩና በመሃሉ ቄጠማ ትከሉበት።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ግን «ማጽዳት» የሚሉት ነው። ቪው እንዲከፈት፣ ፎቶ ላይ እንዲያምር ተብሎ ውሃው ዳር የበቀለው ፊላና ደንገል ሙልጭ ተደርጎ ይታጨዳል። ማዕበሉን የሚሰብረው እኮ ያ ግንድ ነው፤ አፈሩን የያዘውም ሥሩ ነው። ቆሮሶ እንቁላሏን የምትጥለው ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ ነው፤ ጫጩቶቹም የሚደበቁት እዚያው ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ዳሩን ስትላጩ ነገ ለእንግዳችሁ የምትጠብሱትን ዓሣም አብራችሁ እየነቀላችሁ ነው። ለጣሪያ ወይም ለጉዝጓዝ ማጨድ ካስፈለገ ከውሃው በላይ እጨዱ። ፊላ ለሥሩ አየር የሚያደርሰው በግንዱ በኩል ስለሆነ ከውሃ በታች ከተቆረጠ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። ወደ ውሃው መውረጃ ከፈለጋችሁም ጠባብ መንገድ ይበቃል፤ ማዕበሉ ሰተት ብሎ እንዳይገባ ትንሽ ጠመም አድርጉት።

ባሕር ዛፍስ? ቶሎ ያድጋል፣ ይሸጣል፣ ገባኝ። ግን ከዛፉ ሥር ሣር እንደልብ አይበቅልም፤ ዳር ላይ ደግሞ የላይኛውን አፈር አጥብቆ የሚይዘው ሣሩ ነው። ለዳር አኻያ ይሻላል። እርጥብ አፈር ላይ ቅርንጫፉን ቆርጣችሁ ብትሰኩት ይጸድቃል፣ ችግኝ መግዛትም አያስፈልግም። ከፍ ብሎ ደግሞ ሾላ፣ ዶቅማ፣ ዋርካ።

ከሌላ አገር የውሃ ተክል ማምጣትማ ፈጽሞ አይሞከርም። የእምቦጭ አበባ ያምራል፣ ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያደረሰውን ግን ሁላችንም አይተናል። የምትተክሉትን ከዚያው ሐይቅ፣ ደህና ከሆነው ዳር ቆርጣችሁ ውሰዱ።

ሌላው ስህተት ውሃው ዛሬ ያለበትን መስመር ለዘላለም የሚቆይ አድርጎ ማሰብ ነው። ሎጎ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ነው፣ ግን መውጫ ወንዝ የለውም። ከዝናቡና ከአርዲቦ በኩል ከሚወርደው ወንዝ ይቀበላል፣ ብዙውን በትነት ይሰጣል። ስለዚህ ከፍ ዝቅ ይላል። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ድሮ ደሴት ነበር፣ ዛሬ በእግር ይደረሳል። እና አንድ መስመር ላይ ብቻ አትትከሉ። ውሃው ውስጥ ደንገልና ፊላ፣ እርጥቡ ላይ ቄጠማ፣ ከዚያ አኻያ፣ ከላይ ዛፎቹ። ውሃው ቢወጣም ቢወርድም አንዱ ረድፍ ሥራ ላይ ይሆናል። ውሃ ውስጥ የሚገባውን ውሃው በቀነሰበት በበጋው መጨረሻ ትከሉ፤ ጫፉ ሁልጊዜ ከውሃ በላይ መታየት አለበት። ዛፎቹ ክረምቱን ይጠብቁ።

ዳሩን እያከሙ ከላይ ያለውን ማሳ መርሳትም አለ። ትልሙ ወደ ሐይቁ ቁልቁል ከሆነ ደለሉም ማዳበሪያውም እዚያው ይገባል፣ ውሃውም አረንጓዴ ይለብሳል። እርከን ለወሎ ሰው አይነገርም፣ አገሩን ሁሉ የሠራ ሕዝብ ነው። ግን ከእርከኑ በታች፣ ውሃው አፋፍ ላይ፣ 10 እርምጃ እንኳ ሳይታረስ ሣር ይሁን። የውሃ ፓምፑንም ከዳሩ ራቅ አድርጉት፣ ዘይቱ ይንጠባጠባል።

ከብት ደግሞ በአጥር ብቻ አይቆምም። ውሃ ካልጠጣ አጥሩን ያፈርሰዋል፣ ወይም ባለቤቱ ያፈርሰዋል። አንድ ድንጋይ የተነጠፈበት መውረጃ ተዉለት፣ ሣሩን አጭዳችሁ ቤት አብሉት።

እናም ብቻችሁን አትጀምሩ። የላይና የታች ጎረቤት ካልተከለ ውሃው በጎን ይገባል። ነገሩን ለቅሬው፣ ለመንደሩ ዕድር፣ አንሱት፣ ቀብር የሚያስተባብር ሰው ተከላም ያስተባብራል። አፈር የሚያንቀሳቅስ ሥራ ካላችሁ ቀድማችሁ ቀበሌ ጠይቁ፤ ዳሩ በይዞታ ደብተራችሁ ውስጥ ላይሆን ይችላል። በመጀመሪያው ዓመት ብዙው ችግኝ ቢደርቅ አትደንግጡ፣ የቀረው የት እንደያዘ እዩና ክፍተቱን በሚቀጥለው ክረምት በዚያው ዓይነት ሙሉት።