ከደሴና ከኮምቦልቻ ሆኖ ለስደተኛ ሠራተኞችና ተማሪዎች መብት መሟገት የሚቻልበት መንገድ

በደሴና በኮምቦልቻ አንድም ሰው ወደ ዐረብ አገር ያልሸኘ ቤተሰብ ለማግኘት ብዙ በር ማንኳኳት ያስፈልጋል። ሸዋ በር ወይም ሰኞ ገበያ የምትኖር እናት ልጇ ደመወዝ መከልከሏን የምትሰማው በሌሊት በተላከ የድምፅ መልእክት ነው፤ የልጇን ዕጣ የሚወስነው ሕግ ግን የሚወጣው በሪያድ፣ በቤይሩት ወይም በኦታዋ ሲሆን፣ ከእነዚህ አገሮች ጋር የሚዋዋለው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራል መንግሥት ነው። በዚህም የተነሣ «እዚህ ተቀምጠን ብንጮህ ማን ይሰማናል?» የሚለው ጥያቄ በየስብሰባው ይነሣል። ሰሚ የሚገኘው እያንዳንዱ ጥያቄ ሊመልሰው ለሚችለው አካል ብቻ ተለይቶ ሲቀርብ ነው።

እኛ ይህን የተማርነው ተሳስተን ነው። የመጀመሪያው አቤቱታችን ያልተከፈለ ደመወዝን፣ የተነጠቀ ፓስፖርትን፣ ለደላላ የተከፈለ ገንዘብንና የተመላሾችን ሥራ አጥነት በአንድነት አጭቆ የያዘ አራት ገጽ ጽሑፍ ነበር፤ ግልባጩንም ለሰባት መሥሪያ ቤቶች በተንን። ሁሉም ሌላው ይመልሰዋል ብሎ ስለ ተወው፣ ከአንዱም መልስ ሳናገኝ ዓመቱ አለፈ።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ጥያቄዎችን በመለየት ነው። የመጀመሪያው ዓይነት በአገር ውስጥ ሕግ የሚመለስ ነው። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ጉዞ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪን አሠሪው እንዲሸፍን ያዛል፤ ለሠራተኛዋ የሚተወው እንደ ፓስፖርትና የጤና ምርመራ ያለው ወጪ ነው። ከዚህም በላይ ኤጀንሲው ከውጭ አገሩ አሠሪ ጋር በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ነው። ይህ ማለት ደመወዟ የቀረባት ሴት አሠሪዋ ባሕር ማዶ ቢሆንም የላካትን ኤጀንሲ እዚሁ አገር ውስጥ መጠየቅ ትችላለች ማለት ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ስለ ተሻሻለ ሁለቱን በአንድነት ይዞ ማንበብ ይገባል። እንዲህ ያለው ጉዳይ በቅድሚያ የሚቀርበው በየከተማው ላለው የሥራና ሥልጠና መምሪያ፣ ቀጥሎም ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በሁለት መንግሥታት ስምምነት የሚመለስ ነው። በአዋጁ መሠረት ሠራተኛ መላክ የሚቻለው ኢትዮጵያ የሁለትዮሽ ስምምነት ወደ ፈረመችበት አገር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን፣ ስልክ የመያዝ መብትና የፓስፖርት ጉዳይ በስምምነቱ እንዲሰፍሩ ጥያቄው የሚቀርበው ለፌዴራል መንግሥትና ለምክር ቤት ተወካዮች ነው። ሕገ መንግሥቱ ለተወካዮች ምክር ቤት የሰጠው የሥራ ዘመን ከመስከረም መጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 በመሆኑ፣ ተወካዩን በመረጠው ሕዝብ መካከል ለማነጋገር ክረምቱ የተሻለ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው በተቀባዩ አገር ሕግ ብቻ የሚመለስ ሲሆን፣ የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሠራተኛዋ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) «ከፊል» ከሚባለው አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በሳዑዲ ዓረቢያ ቤቱን ለቃ ከወጣች አሠሪው «ሁሩብ» (ጠፍታለች) ብሎ ያስመዘግባትና ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለች። ሳዑዲ ዓረቢያ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በሥራ ላይ ያዋለችው ማሻሻያ ለብዙ ሠራተኞች አሠሪ የመቀየር መብት ሲሰጥ የቤት ሠራተኞችን ግን አላካተተም፤ ከወሎ የሚሄዱት ደግሞ በአብዛኛው የቤት ሠራተኞች ናቸው። በሊባኖስም የ1946 እ.ኤ.አ. የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ አድርጓቸዋል። በእነዚህ አገሮች ቋሚ መኖሪያ ከመጠየቅ በፊት ኢቃማን ከአሠሪ እጅ የማላቀቅ ጥያቄ መቅደም አለበት እላለሁ።

አንድ ጥያቄ ግን ፈጽሞ እንዳይቀርብ አጥብቄ እመክራለሁ፤ እርሱም «ጉዞው ይታገድ» የሚለው ነው። በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ ሲያግድ፣ ከሳዑዲ ዓረቢያም በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎች ሲመለሱ፣ የብዙዎቻችን ስሜት ይኸው ነበር። እገዳው እስከ 2010 ዓ.ም. ሲቆይ ግን መሄድ የፈለገው ሰው አልቀረም፤ በባቲና በሚሌ አድርጎ ወደ ጂቡቲ፣ ከኦቦክም በጀልባ ወደ የመን የሚያሻግረውን ደላላ ተከትሎ ሄደ።

ጥያቄው ከተለየ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚወስደው ማስረጃ መሰብሰብ ነው። የሥራ ውል፣ የኤጀንሲ ደረሰኝ፣ የሐዋላ ወረቀት፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የተላከ መልእክት ሁሉ ይቀመጣል። የድምፅ መልእክት ስልክ ሲቀየር ስለሚጠፋ ወዲያውኑ ወደ ሌላ ማስቀመጫ መገልበጥና ዋናውን ቃል በጽሑፍ ማስፈር ይገባል። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. ወደ ከተሞቻችን በገባ ጊዜ ከቤት ዕቃ ጋር ሰነዱም የጠፋበት ቤተሰብ ስላለ፣ አንዱ ቅጂ ከከተማው ውጭ ባለ ታማኝ ሰው ዘንድ ቢቀመጥ መልካም ነው።

በዚህ ሥራ ልምድ የሌለው ሰው የሚሰናከለው በዘመን አቆጣጠር ነው። ውሉ በሂጅራ፣ ትኬቱ በፈረንጅ፣ የእናት ትዝታ ደግሞ «ከጥምቀት በኋላ» ወይም «ለመውሊድ ማግስት» በሚል የተያዘ ስለሚሆን፣ ሦስቱ ካልተስማሙ መሥሪያ ቤቱ ማስረጃውን እርስ በርሱ ይጋጫል ብሎ ይጥለዋል። እያንዳንዱ ቀን በሦስቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን ይጻፍ። ከዚህ ያላነሰ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የስም ጉዳይ ነው፤ በደላላ ምክር ስሟን ወይም ዕድሜዋን ቀይራ የሄደች ልጅ ብዙ ናትና፣ በፓስፖርቱ ያለው ስምና ቤተሰብ የሚያውቀው ስም ሁለቱም ተመዝግበው፣ የሚያገናኛቸው ዝርዝር ግን ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ። ከአሠሪዋ ጠፍታ የምትሠራ ሴት ፎቶ፣ ሰፈርና ስልክ ደግሞ በምንም ሁኔታ ለሕዝብ አይወጣም። የሚያሳዝን ታሪክ ብዙ ተመልካች ያገኛል፤ ባለታሪኳን ግን ሹርጣ (ፖሊስ) ሊደርስባት ይችላል።

ይህን ሥራ የሚሸከመው ማን ነው ከተባለ፣ በእኛ አገር ከቅሬ (ከእድር) የተሻለ ተቋም አላየሁም። ቅሬ የአባላቱን ቤት ሁሉ ያውቃል፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ይሰበስባል፣ የቅሬ ዳኛ ያለበት ምስክርነትም በቀላሉ አይናቅም። ችግሩ ስብሰባውን በአብዛኛው የሚመሩት ወንዶች፣ የተጎዱት ደግሞ ሴቶች መሆናቸው ነው፤ ስለዚህ ተመላሾቹ ለብቻቸው ተገናኝተው ምን እንደሚነገርና ምን እንደማይነገር ራሳቸው ይወስኑ፣ በቢሮም ፊት የሚናገሩት እነርሱ ይሁኑ። የስብሰባው ሰዓት ከጁምዓና ከቅዳሴ ጋር እንዳይጋጭ፣ በኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ፈረቃን እንዲያገናዝብ ያስፈልጋል። ማኅበር ማቋቋም የሚፈልጉ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አምስት መሥራቾችን ይጠይቃል። ሰላማዊ ሰልፍን በሚመለከት ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ማሳወቅን የሚጠይቀው አዋጅ ቁጥር 3/1983 ቢኖርም፣ በክልላችን የጸጥታ ሁኔታ የተነሣ እኔ የምመርጠው የአዳራሽ ስብሰባንና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተረጋገጠውን አቤቱታ የማቅረብ መብት ነው።

አቤቱታው ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ምን እንደ ተፈጸመ፣ የትኛው ሕግ እንደ ተጣሰ፣ መሥሪያ ቤቱ ምን እንዲያደርግና እስከ መቼ እንዲመልስ እንደሚጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ ምስክርነቱ በአባሪነት ይያያዝ። ሲገባ በቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ሳይደረግበት ከመስኮቱ መራቅ አይገባም። «ይዘነዋል፣ አብሽሩ» የሚል መልካም ቃል ማኅተምን አይተካም።

ወደ ካናዳ የሄዱ ሠራተኞችና ተማሪዎች ጉዳይ መልኩ ይለያል፣ ምክንያቱም በዚያ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሚገኝበት ሕጋዊ መንገድ ስላለ ትግሉ ያንን መንገድ ማስፋት ነው። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ለተጨማሪ ትምህርት የሄደ ወጣት ትምህርት ላይ እያለ ከግቢ ውጭ በሳምንት ከ24 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተወስኖበታል፤ ሰዓቱን አልፎ የሚያሠራው ቀጣሪ ደመወዙን ቢቆርጥበት ፈቃዴን አጣለሁ በሚል ፍርሃት አይከስሰውም። ፈቃዳቸው ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረና በደል የደረሰባቸው ሠራተኞች ግን ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንኛውም አሠሪ የሚሠሩበትን ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህን የማያውቅ ዘመድ ካለ መንገር ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከካናዳ እንዲባረሩ የተወሰነባቸው ሰባት የጃማይካ እናቶች ጉዳያቸውን ለአደባባይ አውጥተው በ1979 እ.ኤ.አ. መቆየት ሲፈቀድላቸው፣ የቤት ሠራተኞቹ መፈክር «ለሥራ ከበቃን ለመኖርም እንበቃለን» የሚል ነበር። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው መርሐ ግብርም ሁለት ዓመት የሠሩ የቤት ሠራተኞች ቋሚ ነዋሪነትን እንዲያመለክቱ ፈቀደ። በካናዳ የምክር ቤት አባልን የሚያስጨንቀው የመራጩ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ደብዳቤውን የሚጽፈው ዜግነት ያገኘው ዘመድ ይሁን፤ ከዚህ የሚላከው በባለታሪኩ ፈቃድ የተሰጠና የተተረጎመ ምስክርነት ነው።

እንዲህ ያለ እንቅስቃሴ ሲሰማ ደላላም መስማቱ አይቀርም። «ስማችሁን ካስመዘገባችሁ ወረቀት ይወጣላችኋል» ብሎ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ሊመጣ ስለሚችል፣ ፊርማ ማኖር ቪዛም ኢቃማም እንደማያስገኝና ለፊርማ ምንም ክፍያ እንደማይጠየቅ በቅጹ አናት ላይ በትልቁ ይጻፍ። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ቀን ዲሴምበር 18፣ በእኛ ታኅሣሥ 9 አካባቢ ስለሚውል፣ በዓመቱ የገቡት አቤቱታዎችና የተገኙት መልሶች በዚያን ሰሞን በቅሬው ፊት ቢነበቡ ጥሩ ልማድ ይሆናል፤ መልስ ያልሰጠው መሥሪያ ቤትም አቤቱታው ከገባበት ቀንና ቁጥር ጋር በዚያው ይነበባል።