የድሮ ፉትቦል ኮች ታሪክ ሳትሸወዱ ለማንበብ (በፖፕ ዋርነር እያየን)

የአሜሪካን ፉትቦል ታሪክ ማንበብ ስትጀምሩ መጀመሪያ ዓይን የሚገባው አንድ ኮች (አሰልጣኝ) ስንት ጨዋታ አሸነፈ የሚለው ቁጥር ነው፣ እሱን ለጊዜው ተዉት። የድሮውን የኮሌጅ ፉትቦል ኮች ግሌን ፖፕ ዋርነርን ብትፈልጉ አንዱ ጋ 319 ይላችኋል ሌላው ጋ 313፣ እና የትኛው ነው ትክክል እያላችሁ ስትከራከሩ ሰውየውን ሳታውቁት ትቀራላችሁ።

መጀመሪያ ወረቀት ላይ (ኤክሴልም ይሆናል) ዓመትና ትምህርት ቤት ብቻ ጻፉ። ጆርጂያ 1895 እና 96፣ አይዋ ስቴት ከ1895 እስከ 99፣ ኮርኔል 1897 እና 98፣ ካርላይል ከ1899 እስከ 1903፣ ተመልሶ ኮርኔል እስከ 1906፣ ተመልሶ ካርላይል ከ1907 እስከ 14፣ ከዛ ፒትስበርግ እስከ 23፣ ስታንፎርድ እስከ 32፣ መጨረሻ ቴምፕል እስከ 1938። ዓመቶቹ ተደራረቡ አይደል? ስህተት መስሏችሁ እንዳትሰርዙት። ያኔ ኮችነት ቋሚ ሥራ አልነበረም፣ ዋርነር ራሱ ኮርኔል ሕግ የተማረ ሰው ነው፣ ሲዝኑ ሊጀምር ሲል አይዋ ሄዶ በሳምንት 25 ዶላር ልጆቹን ያዘጋጃል ከዛ ወደ ጆርጂያ ወርዶ በሳምንት 34 ዶላር ይሠራል። አይዋ ስቴት 1895 ላይ ኖርዝዌስተርንን 36 ለ 0 ያሸነፉት (ሳይክሎንስ የሚለው ስማቸውም ከዚሁ ጨዋታ የመጣ ነው) እሱ ባዘጋጃቸው ዓመት ነው። እንዲህ ሁለት ቦታ የሚሠራ ሰው ድል እንዴት ይቆጠራል የሚለው ብቻ ድምሩን ያንቀሳቅሰዋል።

ቀጥሎ ከያንዳንዱ ዓመት ጎን ሕጉን ጻፉ፣ እዚች ጋ ብዙ ሰው ይሰንፋል ግን ዋናው ነገር ይሄ ነው። ተችዳውን (ኳሷን ይዞ የተጋጣሚውን መጨረሻ መስመር ማለፍ) እስከ 1897 4 ነጥብ ነበር፣ 1898 ላይ 5 ሆነ፣ 6 የሆነው 1912 ነው። ፊልድ ጎል (ኳሷን በእግር መትቶ በግቡ ቋሚዎች መሃል ማሳለፍ) ደግሞ በተቃራኒው 5 ነበር፣ 1904 ላይ 4 ከዛ 1909 ላይ 3። አሁን ውጤቱን ራሳችሁ አስሉት፦ 1903 ላይ ካርላይል በሃርቫርድ 12 ለ 11 ተሸነፈ፣ 11ዱ አንድ ፊልድ ጎል 5፣ አንድ ተችዳውን 5፣ ኤክስትራ (ከተችዳውን በኋላ የምትመታው ተጨማሪ ነጥብ) 1። ያቺ ተችዳውን ኳሷን ማሊያ ውስጥ ከጀርባ ደብቀው እየሮጡ ያስገቧት ናት፣ ዋርነር እንዲህ ዓይነት ተንኮል ይወዳል። 1911 ላይ ደግሞ ሃርቫርድን 18 ለ 15 አሸነፉ፣ የካርላይሉ ተጫዋች ጂም ቶርፕ ብቻውን አራት ፊልድ ጎል መታ፣ 12፣ በዛ ላይ አንድ ተችዳውንና ኤክስትራ 6። በዛሬ ሕግ ብታስሉት 19 ይመጣባችሁና ጋዜጣው ተሳስቷል ትላላችሁ። ኳስ ወደፊት በእጅ መወርወር የተፈቀደውም 1906 ነው፣ ስለዚህ ካርላይል 1907 ላይ ፔንን (የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን) በረጅም ፓስ 26 ለ 6 ሲያሸንፍ ገና አንድ ዓመት ያለፈው ነገር ነው፣ ዋርነር ቶሎ ነው የገባው።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቱ ራሱ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ካርላይል እንደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። 1879 ፔንሲልቬንያ ውስጥ የድሮ የጦር ካምፕ ላይ የተከፈተ የመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦችን ልጆች ከቤተሰብ እያመጡ ፀጉራቸውን ቆርጠው ቋንቋቸውን የሚከለክሉበት። በዚህ ላይ ነው የኮቹ ዝና የተሠራው፣ እና ድሎቹን ብቻ ቆጥሮ ይሄን የሚዘል ጽሑፍ ካያችሁ ሌላ ፈልጉ። 1914 ላይ ኮንግረስ ትምህርት ቤቱን ሲመረምር ተማሪዎቹ ስለ ዋርነር ስድብና ስለ ስፖርቱ ገንዘብ አያያዝ መሰከሩ፣ በሚቀጥለው ዓመት እሱ ፒትስበርግ ነው። ቶርፕም 1912 ስቶክሆልም ላይ ያገኘውን የኦሎምፒክ ሜዳሊያ ቀድሞ ቤዝቦል በገንዘብ ተጫውቷል ተብሎ ሲነጠቅ ዋርነር አላውቅም ነበር አለ፣ እኔ በበኩሌ ለመቀበል ይከብደኛል፣ ልጁን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበራ።

ማጣራት ለምትፈልጉ የካርላይል መዝገቦች ዲኪንሰን ኮሌጅ በነፃ ኦንላይን አስቀምጧቸዋል፣ የድሮ ጋዜጣ ደግሞ የኮንግረስ ላይብረሪ ሳይት ላይ አለ። በኮቹ ስም ብቻ አትፈልጉ፣ ውጤት አያያዙ በቡድን ስምና በጨዋታው ቀን ነው፣ በዛ ቶሎ ታገኛላችሁ። ይሄን ሁሉ ከጨረሳችሁ በኋላ 319 ብላችሁ ጻፉና ጎኑ ላይ 313ንም አስቀምጡት።