የተቀባ የጡብ ምድጃ ቀለሙ ሲበላሽ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

በደብረ ብርሃንም ሆነ በአንኮበር ደጋ፣ ሳሎኑ ውስጥ ያለውን የጡብ ምድጃ ቀለም ቀብቶ ብዙም ሳይቆይ የተበላሸበት ሰው በመጀመሪያ የሚወቅሰው ቀለሙን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከቀለሙ ሥር፣ በጡቡ ውስጥ ነው።

ከምድጃው አፍ በላይ ቢጫ ወይም ቡናማ እድፍ ብቅ ካለ፣ መንስኤው በጡቡ ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረ ጥቀርሻ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም ጥቀርሻውን ሲያገኘው ቅጥራኑን እያሟሟ ወደ ላይ ስለሚያወጣው፣ ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ መደረብ ቀለም ከማባከን በቀር የሚፈይደው ነገር የለም። መፍትሄው ጡቡን በሽቦ ብሩሽ ፈትጎ በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ማጠብ፣ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ በደንብ ሲደርቅም እድፍ የሚያፍን የዘይት ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) መቀባት ነው። ከፕራይመሩ በፊት ጡቡ ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጎ ማየት ይጠቅማል፤ ጠብታው ወዲያው ከሰረገ ጡቡ ቀለም ይቀበላል፣ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ከወረደ ግን እጥበቱ መደገም አለበት።

ቀለሙ አብጦ ሲላጥና ከሥሩ ነጭ ዱቄት ሲታይ ችግሩ ውሃ ነው። ዱቄቱ፣ ውሃ ከጡቡና ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። ክዳን የሌለው የጭስ ማውጫ፣ ወይም ቆርቆሮው ከጭስ ማውጫው ጋር የሚገናኝበት ያልተደፈነ ክፍተት፣ የክረምቱን ዝናብ በቀጥታ ወደ ጡቡ ያስገባል፤ ይህ ሳይጠገን መቀባት በእኔ እምነት ከንቱ ድካም ነው። ጨው በውሃ ሲታጠብ ተመልሶ ወደ ጡቡ ስለሚሰርግ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ይገባል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃ የጠጣ ጡብ መስከረም ላይ የደረቀ ሊመስል ስለሚችል፣ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቆ አንድ ቀን ማቆየትና ከውስጥ በኩል ላብ መያዝ አለመያዙን መመልከት ያስፈልጋል።

ቀለሙ ሲነካ እጅ ላይ የሚቀር ወይም በቀጫጭኑ የሚሰነጠቅ ከሆነ ብርድን መጠርጠር ተገቢ ነው። አብዛኞቹ በውሃ የሚበጠበጡ ቀለሞች ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሚገባ አይያያዙም፤ ውርጭ በሚወርድባቸው የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ደግሞ ጡቡ ጠዋት ከአየሩ ይልቅ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ስለዚህ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ብርዱ ሳይመለስ መጨረስ ይሻላል። ቀለሙን ለማድረቅ ተብሎ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለውና ሰው የሚገድል ጋዝ ነው።

እሳቱ በሚነድበት ጉድጓድ ውስጥ የተቀባ ተራ ቀለም እየተቃጠለ መጥፎ ጭስ ስለሚያወጣ ተፍቆ መነሳት አለበት። ጉድጓዱ ሳይቀባ ቢቀር ይመረጣል፤ የግድ ከሆነ ግን ለምድጃ የተሠራ፣ ከፍተኛ ሙቀት የሚችል ቀለም ብቻ መጠቀም ይገባል። ጣሳው ላይ የተጻፈው የማድረቂያ ጊዜ ካለፈ በኋላም የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፣ መስኮቱም ይከፈት።