ጤፍን ይዞ አንድ ወሰነ ትምህርት፦ ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል የተቀናጀ ትምህርት አስተቃቀድ

«የተቀናጀ ትምህርት» ተብሎ የሚቀርበው ዕቅድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ርእስ መርጦ በየትምህርቱ ላይ መለጠፍ ነው። ርእሱ ጤፍ ከሆነ በሳይንስ የጤፍ ሥዕል ይሳላል፣ በሂሳብ «አንድ ገበሬ 3 ኩንታል ጤፍ ቢሸጥ» የሚል ጥያቄ ይሰጣል፣ በአማርኛ ስለ ጤፍ ምንባብ ይነበባል። ይህ ርእስ መጋራት እንጂ መቀናጀት አይደለም። ትምህርቶች ተቀናጁ የሚባለው የአንዱ ውጤት ለሌላው የግድ ሲያስፈልግ ነው፤ በሂሳብ የተገኘው ቁጥር ከሌለ ሳይንሱ ይቆማል፣ ሳይንሱ ካልተሠራ በአማርኛ የሚጻፍ ነገር አይኖርም። ስለዚህ ዕቅዱን ስታወጡ ስለ እያንዳንዱ ትምህርት ጠይቁ፦ ይህን ብናስቀረው የሚጎድል ነገር አለ? ከሌለ አስቀሩት። ሁሉም ትምህርት መግባት የለበትም።

ጤፍ ለአንደኛው ወሰነ ትምህርት የሚመች ርእስ ነው፤ የማሳው ቀን መቁጠሪያና የትምህርት ቤቱ ይገጥማሉ። በደጋውና በወይና ደጋው ሐምሌ ላይ የተዘራው ጤፍ ጥቅምት ላይ ይቢጫል፣ ኅዳር ላይ ይታጨዳል፣ ከዚያ ይከመርና ይወቃል። ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ 10 አካባቢ ያሉት 10 ሳምንታት ይበቃሉ። ከዚያ ወዲያ ገና አለ፣ የጥር ፈተናም ይቀርባል፤ የሚጨመር ሳምንት አይገኝም።

መነሻው መማሪያ መጽሐፉ ነው። የሳይንስ፣ የሂሳብና የአማርኛ መምህራን የሦስቱን መጻሕፍት ማውጫ ጎን ለጎን ዘርግታችሁ በእነዚህ ሳምንታት የምታስተምሩትን ምዕራፍ ጻፉ። ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ አማካይና የባር ግራፍ ከሂሳብ፤ ዕፀዋትና አፈር ከሳይንስ፤ ቃለ መጠይቅና አንድን ሂደት በቅደም ተከተል መግለጽ ከአማርኛ ይገኛሉ። አንዱ ምዕራፍ ወሩ ላይ ካልገጠመ ቦታውን አቀያይሩና ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አሳውቁ። በቀን 6፣ በሳምንት 30 ክፍለ ጊዜ ካለ ለዚህ ሥራ ከ6 በላይ አትውሰዱ። የቀረው እንደ ወትሮው ይሄዳል፤ የማባዛት ልምምድ ጤፍ አይፈልግም።

የመጀመሪያው ሰንሰለት፦ ከማንኪያ እስከ መደብ

ጥያቄው ይህ ነው፦ በመስመር የተዘራና በብተና የተዘራ ጤፍ አበቃቀላቸው ይለያያል? በብተና ለአንድ ሄክታር እስከ 30 ኪሎ ዘር ይወጣል፤ በመስመር ሲዘራ 5 ኪሎ ገደማ ይበቃል። ተማሪዎቹ ይህን ወደ አንድ ሜትር ካሬ ያወርዱታል። ሄክታር 10,000 ሜትር ካሬ ነውና በብተና 3 ግራም፣ በመስመር 0.5 ግራም ይደርሳል።

እዚህ ላይ ሥራው ይቆማል፤ ግማሽ ግራም የሚመዝን ሚዛን ትምህርት ቤት ውስጥ የለም። ይህን ችግር አትፍቱላቸው፣ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ከእህል ቤት 100 ግራም ጤፍ አስመዝኑና በየሻይ ማንኪያ፣ አፉን በማስመሪያ ልክ እያደረጉ ይቁጠሩት። 25 ማንኪያ አካባቢ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ማንኪያ 4 ግራም ነው፣ 3 ግራም የማንኪያው ሦስት አራተኛ፣ 0.5 ግራም አንድ ስምንተኛው ነው። ማንኪያው ከቤት ቤት ስለሚለያይ ክፍሉ አንድ ዓይነት ማንኪያ ይያዝ።

ቀጥሎ የፍሬው ቁጥር ይመጣል። አንድ ማንኪያ ጤፍ ነጭ ወረቀት ላይ በስሱ ይዘርጋ፤ በማስመሪያ ለሁለት ይከፈል፣ ግማሹ ይወሰድ፣ እሱም እንደገና ለሁለት፤ እንዲህ 7 ጊዜ። የቀረው የማንኪያው 1/128ኛ ነው፤ 90 ፍሬ ገደማ ስለሚሆን ልጅ ይቆጥረዋል። በ128 ሲባዛ የማንኪያው፣ በ4 ሲካፈል የግራሙ ይገኛል፤ 3,000 አካባቢ መውጣት አለበት። አሥር ቡድን አሥር የተለያየ ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ አንዱ 2,200፣ ሌላው 3,900 ቢል አትደንግጡ። በየመክፈሉ የምትፈጠር ትንሽ ስህተት እየተባዛች ነው የምትሄደው። አማካይ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። መስኮቱን ግን ዝጉ፤ ንፋስ አንዴ ከገባ የአንድ ሰዓት ሥራ ይበተናል።

አሁን መደብ ይዘጋጅ፦ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ ሁለት። አፈሩ እንደ ዱቄት እስኪልም ይከስከስ፤ ገበሬ ለጤፍ ማሳውን ደጋግሞ የሚያርሰው፣ በከብትም የሚያስረግጠው ለዚህ ነው። ልጆቹም በእግራቸው ቀስ ብለው ይርገጡት። በመስመሩ መደብ ላይ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት 5 መስመር ይሰመር፤ ዘሩ ከደረቀና ከተነፋ አሸዋ ጋር ቢደባለቅ እኩል ለመበተን ይቀላል። አፈር የሚመለስበት ከ1 ሳንቲ ሜትር በታች ነው። ጤፍ ሳይበቅል ሲቀር ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ልጆቹ እንደ በቆሎ አጥልቀው ቀብረውታል፣ ወይም ውሃ በባልዲ አፍስሰውበት ዘሩ ወደ አንድ ጥግ ታጥቧል። የላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በመርፌ በስታችሁ ተጠቀሙ፤ በቀን 4 ሊትር ገደማ፣ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ።

በሦስተኛው ሳምንት ይቆጠራል። በብተናው መደብ ላይ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ አራት ማዕዘን ጣሉ፤ 90 ዘር ያረፈበት ቦታ ነው። በመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር የመስመር ርዝመት ለኩ፤ 30 ዘር ይደርሰዋል። የበቀለው ከተዘራው ስንት በመቶ ነው? የሳይንሱ ሠንጠረዥ ከሂሳቡ ቁጥር ውጭ ሊሞላ እንደማይችል ልብ በሉ። ከዚህ መደብ እህል አትጠብቁ፤ ዝናቡ አብቅቷል፣ ውርጭም ይመጣል። የሚፈለገው ቡቃያው ነው። ተጨናንቆ የበቀለው ቀጥኖና ረዝሞ ሲታይ፣ ጤፍ ለምን እንደሚጋሸብ፣ ማለትም ከቆመበት ወደ መሬት እንደሚተኛ፣ ተማሪው ሳይነገረው ይገባዋል።

እህል ቤትና ማሳ

የዋጋ ጥናቱ አጭር ነው። ሁለት ተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ከአንድ እህል ቤት የነጭ፣ የሰርገኛና የቀይ ጤፍ የኪሎ ዋጋ ይመዝግብ፣ ለ5 ሳምንት። ሱቁ አይቀየር፤ አንዱ «ነጭ» የሚለውን ሌላው «ማኛ» ይለዋል፣ ያኔ ግራፉ ትርጉም ያጣል። ተማሪዎች በቤታቸው ስንት እንጀራ እንደሚበላ ግን በፍጹም አታስጠይቁ። ከክፍሉ ውስጥ ጠዋት ሳይበላ የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ቁጥሩ ለሂሳብ ምንም ባይጨምር ልጁን ያሳፍረዋል።

የማሳ ጉብኝቱ ኅዳር አጋማሽ ላይ ይሁን፤ ከተማ ላላችሁ ወፍጮ ቤት ይተካዋል። ለወላጅ የሚላከው ደብዳቤ 10 ቀን ቀድሞ ይውጣ። ከባለ ማሳው ጋር ቀኑን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ደቦ የተጠራበት ቀን ከሆነ ልጆቹ እንቅፋት ይሆናሉ። ወደሚያጭዱት ሰዎች ከ5 ሜትር አይቅረቡ፣ ማጭድ አይንኩ። አስም ያለበት ልጅ ወቂያ ላይ አይቁም፤ የገለባው ብናኝ ይጎዳዋል።

ቃለ መጠይቁን የአማርኛ መምህሩ ከሳምንት በፊት በክፍል ያለማምድ። እያንዳንዱ ቡድን 3 ጥያቄ ብቻ ይያዝ፣ በ«እርስዎ» የተጻፈ፦ «ይህን ማሳ ስንት ጊዜ አረሱት?» «ዘንድሮ የጋሸበ አለ? ለምን ይመስልዎታል?» «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚያልቅ ጥያቄ ይሰረዝ። ነዶ፣ ክምር፣ አውድማ፣ ላይዳ፣ መንሽ የሚሉትን ቃላት ከሰዎቹ አፍ ሰምተው ይጻፉ፤ ከመዝገበ ቃላት ይገልበጡ ብትሉ ግን በማግስቱ ይረሷቸዋል። «ምላሱ ጤፍ ይቆላል» የሚባለውም እዚህ ጋ ቢነሳ፣ ፍሬዋን አንድ በአንድ የቆጠረ ልጅ አባባሉ ከየት እንደመጣ በደንብ ይገባዋል።

እርሾና ፊኛ

በሳምንት 8 ሦስት ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ ይዘጋጅ። በእያንዳንዱ 150 ግራም የጤፍ ዱቄትና 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይግባ። በሁለቱ ላይ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ እርሾ ይጨመር፣ ሦስተኛው ያለ እርሾ ይቅር። አፋቸው ላይ ፊኛ ይታሰር። እርሾ ካለባቸው አንዱ ሞቃት ቦታ፣ ሌላው ብርድ ቦታ ይቀመጥ፤ እርሾ የሌለው ከሞቃቱ ጋር። የፊኛው ዙሪያ በክር እየተለካ በ24ና በ48 ሰዓት ይመዝገብ። ፊኛውን የሚነፋው ሊጡ ሲቦካ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እርሾ የሌለውም ዘግይቶ መንፋት ቢጀምር ስህተት አይደለም፤ ዱቄቱ ራሱ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉት። ጠርሙሱን ከሲሶ በላይ አትሙሉ፣ በክዳንም አትግጠሙ፤ ይፈነዳል። ሥራው ሰኞ ይጀመር፤ ሐሙስ ከተጀመረ ልኬቱ ቅዳሜ ላይ ይወድቃል። እንጀራ ለማቅመስ ካሰባችሁ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከሰዓት በኋላ፣ በሽሮ አድርጉት።

ማርክ

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዘገባ ይጽፋል፣ ሦስት መምህር ያርመዋል፣ እያንዳንዱ ለራሱ ተከታታይ ምዘና ከ10። የሂሳቡ መምህር ስሌቱ በግልጽ መሠራቱን፣ የሳይንሱ የምልከታውን መዝገብ፣ የአማርኛው የሐሳቡን ቅደም ተከተልና አንቀጹን ብቻ ይይ። ይህ ድንበር ካልተሰመረ የእጅ ጽሑፉ ያላማረ ልጅ በአንድ ጥፋት ሦስት ቦታ ይቀነስበታል። መስፈርቱ ሥራው ሳይጀመር ጥቅምት ላይ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከ10ሩ 4ቱ በቃል ለግል የሚሰጥ ይሁን፤ ከቡድኑ አንዱን አስነሥታችሁ «ይህ 128 ከየት መጣ?» በሉት። ቁጭ ብሎ የዋለውና የሠራው ወዲያው ይለያሉ።

ወላጆች በሚጋበዙበት ቀን ሦስቱ ጠርሙሶች፣ ሁለቱ መደቦችና የዋጋው ግራፍ ለእይታ ይቅረቡ፣ ማብራሪያውን ልጆቹ ይስጡ። ለሚመጣው ዓመት የማንኪያው ልኬት፣ የአሥሩ ቡድን ቁጥርና የዋጋው ሠንጠረዥ በአንድ ፋይል ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ክፍል ዋጋውን ከዘንድሮው ጋር ያወዳድርበታል።