የፒክአፕን የኋላ ክፍል የመጫን አቅሙ ሳይጎዳ ዝቅ ማድረግ

ፒክአፕ መኪና ባዶውን ሲቆም ከኋላ ከፍ ብሎ የሚታየው ያለ ምክንያት አይደለም። ፋብሪካው ያንን ከፍታ የተወው ጭነት ሲያርፍበት ባሌስትራው፣ ማለትም ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ንጣፍ ብረት፣ የሚወርድበት ቦታ እንዲኖረው ነው። ስለዚህ የኋላውን ክፍል ዝቅ የሚያደርግ ሰው የሚቀንሰው የመኪናውን ቁመት ብቻ ሳይሆን ይህንን የመውረጃ ቦታ ጭምር ነው፤ የሥራው ዋና ጥያቄም የተቀነሰው ቦታ በምን ይተካል የሚለው ነው። ብዙዎች የሚመርጡት አቋራጭ ከባሌስትራው ላይ አንድ ሁለት ንጣፍ ብረት ማውጣት ነው። መኪናው በእርግጥ ይወርዳል፤ ነገር ግን ጭነቱን ይሸከም የነበረው ያው የወጣው ብረት ስለሆነ፣ መኪናው ለሥራ ለሚያስፈልገው ሰው ይህንን መንገድ ፈጽሞ አልመክርም።

ከመፍቻ በፊት ሜትር ይያዙ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ባዶውን ያቁሙና ከእያንዳንዱ ጎማ መሐል እስከ ፓራፋንጎው (የጎማ ሽፋኑ) ጠርዝ ያለውን ርቀት፣ እንዲሁም በአክስሉ (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በሚያገናኘው ብረት) እና ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) ሥር ባለው መምቻ፣ ማለትም ግጭት በሚያበርደው የላስቲክ ቁራጭ፣ መካከል ያለውን ክፍተት ለክተው ይጻፉ። ቀጥሎ አዘውትረው የሚጭኑትን ያህል ክብደት ጭነው እንደገና ይለኩ። ለምሳሌ ክፍተቱ በባዶ 12 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በጭነት ወደ 6 ከወረደ፣ ጭነቱ ብቻውን 6 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል ማለት ነው። ይህንን መኪና 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካደረጉት በጭነት ጊዜ የሚቀረው 1 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ አክስሉ ከመምቻው ጋር ይጋጫል፣ ግጭቱም በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይተላለፋል። ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ይህ ስሌት ነው።

ለሥራ መኪና ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ያለው ቅነሳ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህንን ያህል ዝቅታ ባሌስትራውን ሳይነኩ፣ የኋላ ጫፉን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ሻክል የሚባለውን ተንቀሳቃሽ ማንጠልጠያ በመቀየር ማግኘት ይቻላል። የባሌስትራው ጫፍ ሻክሉ ከሻንሲው ጋር ከሚያያዝበት ቦታ በታች ከሆነ አጭር ሻክል መኪናውን ያወርደዋል፤ ጫፉ ከዚያ ቦታ በላይ ከሆነ ደግሞ የሚያወርደው ረጅሙ ነው። በባሌስትራው አንድ ጫፍ ላይ የተደረገ ለውጥ አክስሉ ዘንድ ሲደርስ በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ በሻክሉ በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ለውጥ ያስፈልጋል። ከዚህ በላይ መውረድ የሚፈልግ ሰው፣ ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ የተቀመጠ ከሆነ፣ አክስሉን ወደ ባሌስትራው ላይ የሚያዛውር መሣሪያ ይጠቀማል፤ ይህ መኪናውን ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ስለሚያወርደው ሻንሲውን ከአክስሉ በላይ በግማሽ ክብ ቆርጦ በወፍራም ብረት ማጠናከር ግድ ይሆናል። ቆረጣውና ብየዳው በሻንሲ ሥራ ልምድ ላለው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው፤ ከብየዳ በፊት ባትሪው ይነቀል፣ በአካባቢው ያሉ የነዳጅና የፍሬን መስመሮችም ይነሱ።

ወደ ሥራው ሲገቡ የፊት ጎማዎችን በታኮ ይደግፉ፣ የኋላውን በክሪክ ያንሡ፣ ከዚያም ሻንሲውን በጠንካራ የብረት ማቆሚያዎች ላይ ያሳርፉ፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ሕይወትን አሳልፎ መስጠት ነው። አክስሉን በሌላ ክሪክ ደግፈው የሾክ አብዞርበሩን (የመኪናውን መናጥ የሚያበርደውን) የታች ቡሎን ይፍቱ፣ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠርም ይከታተሉ። ሻክሉን በአንድ ጊዜ በሁለቱም ወገን ሳይሆን አንዱን ጨርሰው ሌላውን ይቀይሩ። አክስሉን ከባሌስትራው ማላቀቅ ካስፈለገ፣ መልሰው ሲገጥሙ የባሌስትራውን ንጣፎች የሚያስረው የመሐል ቡሎን ራስ በአክስሉ መቀመጫ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባቱን በጣት ዳስሰው ያረጋግጡ። ራሱ ከቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ዩ ቦልቱ (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው የዩ ቅርጽ ያለው ቡሎን) ከጠበቀ ለጊዜው የያዘ ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን አክስሉ ይንሸራተትና መኪናው ተጣሞ ይሄዳል። የተፈታ ዩ ቦልት ተመልሶ አይገጠምም፣ በአዲስ ይተካል። በጎሚኒ (በባሌስትራውና በሻክሉ ቀዳዳዎች ውስጥ ባለው ላስቲክ) የሚያልፉትን ቡሎኖች ለመጨረሻ ጊዜ የሚያጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ካረፈ በኋላ መሆን አለበት፤ በአየር ላይ እያለ ካጠበቋቸው ጎሚኒው እንደተጠመዘዘ ይቀራልና ቶሎ ይቀደዳል።

የተወሰደውን የመውረጃ ቦታ የሚተካው በሻንሲውና በአክስሉ መካከል የሚገጠም የአየር ከረጢት ነው። ባዶ ሲሆኑ አየሩን ቀንሰው፣ ሲጭኑ ጨምረው መኪናውን ወደ ልኩ ይመልሱታል። ብዙዎቹ ከረጢቶች ከ5 እስከ 100 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) የሚሠሩ ሲሆን ከአነስተኛው ልክ በታች መንዳት ላስቲኩን ያበላሸዋል። የከረጢቱ አጭር ቁመት ከአዲሱ ክፍተት ጋር የሚስማማ መሆኑን ከመግዛትዎ በፊት ያነጻጽሩ። አንድ ነገር ግን ከልብ ይያዝልኝ፦ ከረጢቱ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል እንጂ በበሩ ፍሬም ላይ የተለጠፈውን ከፍተኛ የክብደት ልክ አይጨምርም። ፍሬኑ፣ አክስሉና ጎማው ያው የድሮዎቹ ናቸው። ሾክ አብዞርበሩም ለአዲሱ ቁመት በሚስማማ አጭር መለወጥ አለበት፤ አሮጌው በጭነት ጊዜ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ከውስጥ ይሰበራል።

መኪናው ከወረደ በኋላ ሳይታወቅ የሚቀር አደገኛ ነገር በፍሬኑ በኩል አለ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው በዘንግ የተያያዘ፣ ጭነቱን እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ይገኛል። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በከፍታ ስለሆነ ዝቅ ያለውን ባዶ መኪና እንደተጫነ ይቆጥረዋል፣ ለኋላ ፍሬንም ከሚገባው በላይ ግፊት ይለቃል፤ እርጥብ መንገድ ላይ የኋላ ጎማዎች ተቆልፈው መኪናው ሊዞር ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ለአዲሱ ቁመት ይስተካከል። ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ ከዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጋር የሚሠራው ማዕዘንም በማዕዘን መለኪያ ይታይ፤ ከተዛባ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ ሽብልቅ ብረት ይቃናል፣ ካልተቃና መኪናው ሲፈጥን ይንቀጠቀጣል። የኋላው ሲወርድ የፊት መብራት ወደ ላይ ስለሚያይ እሱም ይስተካከል። ተጎታች የሚስብ ከሆነ የመጎተቻ ኳሱን ከፍታ እንደገና ለክተው ተጎታቹ ደልዳላ እንዲቆም ያድርጉ።

በመጨረሻም መጀመሪያ የለኩበትን ክብደት መልሰው ይጫኑና በአክስሉና በመምቻው መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ አየር ይጨምሩ፤ የከረጢቱ ከፍተኛ ልክ ላይ ደርሰውም ካልበቃ መኪናው ከሚገባው በላይ ወርዷልና ከፍ ያድርጉት። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ የዩ ቦልቶቹን ዳዶዎች በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያ ኃይልን በሚለካ መፍቻ) እንደገና ያጥብቁ።