ሲስተም ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠየቀው

የሶፍትዌር ቡድን የምትመሩ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። ሲስተም ወድቆ ከተነሳ በኋላ በምትቀመጡበት ስብሰባ ላይ «ማን ነው ይሄን ያደረገው?» አትበሉ። «ትእዛዙን ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ምን ይታይህ ነበር?» ብላችሁ ጀምሩ።

ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበትን አገልግሎት የሚሰጠውን የጊትላብን ጉዳይ እዩ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ኢንጂነር ተጠባባቂው ሰርቨር ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። የ6 ሰዓት ያህል ዳታ ጠፋ። ሰውየውን ወቅሶ መገላገል ቀላል ነበር። እነሱ ግን ነገሩን እስከ ሥሩ ፈተሹት። ባክአፑ በቨርዥን አለመጣጣም ምክንያት አይሠራም ነበር፤ ይህን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለማንም አይደርስም ነበር። ካቀዷቸው ማስተካከያዎች አንዱ የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለህ ተርሚናሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) በግልጽ እንዲያሳይ ማድረግ ነበር። እንዲህ ያለ መፍትሔ የሚገኘው ሰው ሳይፈራ ሲናገር ብቻ ነው።

አለቃ ፊት ዝም ማለት እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ያደግን ብዙ ነን። ስለዚህ ጁኒየሮቹ መጀመሪያ ይናገሩ፣ እናንተ መጨረሻ ላይ። በተለይ ይሄ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ስለ ችግሩ በምትጽፉት ሪፖርት ላይም ስም አትጻፉ፤ «ተረኛው ኢንጂነር» ይበቃል። ስም የሚጻፈው ማስተካከያውን ማን፣ እስከ መቼ እንደሚጨርስ በሚገልጸው ቦታ ላይ ነው። እዚያ ላይ የራሳችሁም ስም ይኑር።