ክዳኑ ውስጥ ቀለም የሚያፈስ ብዕር፦ ችግሩና መፍትሄው

ቀለም እየተሞላ የሚጻፍበትን ብዕር ክዳን ስትከፍቱ ጣታችሁ በቀለም ይጨማለቃል። የሸሚዝ ኪሳችሁም ላይ ሰማያዊ ነጠብጣብ አለ። ብዕሩን ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የሚያፈሰው መቼ ነው?

ክዳኑን ግን አስቀድማችሁ እጠቡት። ውስጡ የቀረ የቆየ ቀለም መያዣውን (ስትጽፉ በጣት የምትይዙትን ክፍል) በየቀኑ ስለሚያቆሽሽ ጤነኛው ብዕር ሁሉ የሚያፈስ ይመስላል። ውሃ ሞልታችሁ አራግፉ፣ ስንጥር ላይ በተጠቀለለ ጥጥ ጥረጉና አድርቁ።

ከመንገድ በኋላ ካፈሰሰ

አዳማ ላለን ሰዎች ዋናው ጣጣ ይሄ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,400 ትጠጋለች። ስንወጣ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል። ብዕሩ ውስጥ ያለው አየርም 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። ማምለጫው በጫፉ በኩል ስለሆነ ፊቱ ያገኘውን ቀለም ገፍቶ ክዳኑ ውስጥ ይተፋዋል። ቀለሙ ግማሽ ሲሆን ይብሳል፤ አየሩ ብዙ ነዋ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ ብዕርም በሙቀቱ እንዲሁ ይሆናል።

እዚህ ላይ የተሰበረ ነገር የለም። ከጉዞ በፊት ብዕሩን ጢም አድርጋችሁ ሙሉት፣ ወይም ባዶ አድርጉት። ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ኪስ ላይ ሰኩት፤ ያኔ የሚወጣው አየር እንጂ ቀለም አይሆንም። ቦርሳ ውስጥ ጋድሞ አይሂድ። ስትደርሱም ጫፉ ወደ ላይ እንዳለ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ክዳኑን በኃይል መንቀል ራሱ ቀለም ይስባል።

ኮብልስቶን ላይ በባጃጅ መንገጫገጭም ጠብታ ይረጫል። መፍትሄው ያው ነው።

ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦም ካፈሰሰ

አሁን ብልሽት ፈልጉ። መያዣውን ብቻ በሶፍት ጠቅልላችሁ ብዕሩን ጋደም አድርጋችሁ አሳድሩት። ሶፍቱ ጫፉን እንዳይነካ፤ ከነካ ደህናውም ብዕር ቀለሙን ይሰጠዋል።

ጠዋት ቀለሙ መያዣው ከብዕሩ አካል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ላይ ከታየ ቀለም መምጠጫው (ብዕሩ ውስጥ ቀለሙን ስቦ የሚይዘው ቱቦ) በደንብ አልገባም ማለት ነው። እስኪጠብቅ ግፉት። ከላላ ወይም ላስቲኩ ከደረቀ ይቀየር። ቀለሙ መያዣው መሃል ላይ ከወጣ ስንጥቅ አለ። ሱፐር ግሉ ብዙ አይቆይም፤ ክፍሉን መቀየር ይሻላል።

ሶፍቱ ንጹህ ሆኖ ጫፉ ብቻ ከረጠበ ብዕሩን ከጎን ወደ ብርሃን ያዙት። በብረቱ ጫፍና ከሥሩ ባለው ፕላስቲክ መካከል ብርሃን ካለፈ ተላቀዋል። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በጣት ቀስ አድርጋችሁ አጋጥሟቸው።

ይሄ ሁሉ ደህና ከሆነ ቀለሙን ጠርጥሩ። የማህተም ወይም የፕሪንተር ቀለም ለዚህ ብዕር አልተሠራም። አንዱ አላግባብ ይፈሳል፣ ሌላው ውስጡን ይደፍናል። ከገባበት አውጡትና የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ከዚያ በብልቃጥ የሚሸጠውን የብዕር ቀለም ሙሉበት።